ዝንጉርጉሩ ሆስታ አረንጓዴ ቅጠል ሲያወጣ፦ ልተወው፣ ልቁረጠው፣ ነቅዬ ልክፈለው ወይስ ለብቻው ላሳድገው?

መሃሉ ነጭ ወይም ጠርዙ ቢጫ የሆነ ሆስታ (ለቅጠሉ ውበት ተብሎ ግቢ ውስጥ የሚተከል ተክል ነው) ለተወሰነ ዓመት አምሮበት ሲያድግ ቆይቶ በሆነ ወቅት ላይ ምንም ዝንጉርጉርነት የሌለው ጥርት ያለ አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል፣ ከዛ ምክር ይበዛል። አንዱ ቅጠሉን ቀንጥሰው ይላችኋል፣ አንዱ ተወው ራሱ ይስተካከላል ይላል፣ ሌላው ነቅለህ ከፋፍለው ይላል፣ ማዳበሪያ ስላበዛህበት ነው የሚልም አይጠፋም። እነዚ ምክሮች ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ምንም አይሰራም፣ አንዳንዱ ደሞ ለአንዱ የሆስታ ዓይነት በጣም ጥሩ ሆኖ ሌላውን ለሁለት ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለዚ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን እናያቸዋለን፣ ከዛ በፊት ግን ቢላ ሳታነሱ ያያችሁት ነገር ምን እንደሆነ መለየት አለባችሁ፣ ምክንያቱም አረንጓዴ የሆነ ሆስታ ሁሉ ተመለሰ፣ ማለትም ዝንጉርጉርነቱን ለዘለቄታው ጥሎ አንድ ቀለም ሆነ ማለት አይደለም።

በርግጥ ተመልሷል ወይ?

ወደ አንድ ቀለም ከመመለስ ጋር የሚምታቱ አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የወቅት ለውጥ ነው። አንዳንድ ሆስታዎች ተፈጥሯቸው እንደዛ ነው፣ ለምሳሌ ፎርቹኒ አልቦፒክታ የሚባለው ብቅ ሲል መሃሉ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ አረንጓዴ ነው፣ በጋው (እዚ ላይ ጸደይ፣ በጋ፣ ክረምት የምለው በአውሮፓና አሜሪካ አቆጣጠር ነው፣ በጋው ሞቃቱ፣ ክረምቱ ብርዳሙ ወቅት) እየገፋ ሲሄድ ግን መሃሉም አረንጓዴ ይሆንና ከሩቅ ስታዩት ዝንጉርጉር መሆኑም አይታወቅም። በሚቀጥለው ጸደይ እንደገና ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ጎልድ ስታንዳርድ ደሞ በተቃራኒው ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና ቀስ እያለ መሃሉ ወርቅማ ይሆናል፣ በጣም ጥላ ቦታ ላይ ከተተከለ ግን ወርቅማነቱ በደንብ ሳይመጣ አረንጓዴ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ጁንም እንደዚሁ ብርሃን ሲቀንስባት መሃሏ ወደ አረንጓዴ ትጠጋለች። ሰማያዊ የሚባሉት ሆስታዎችም ሰማያዊ የሚመስሉት ቅጠሉ ላይ ባለው ሰም ምክንያት ነው፣ ሰሙ በሙቀትና በፀሐይ ሲሄድ አረንጓዴው ይወጣል። መለያው ቀላል ነው፦ የወቅት ለውጥ ከሆነ ሁሉም ቅጠል ላይ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። እውነተኛ መመለስ ከሆነ ግን አንድ ቡቃያ ብቻ ነው፣ ከዛች ቡቃያ የሚወጡት ቅጠሎች በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናሉ፣ አጠገቧ ያለችው ቡቃያ ምንም አልሆነችም።

ሁለተኛው የልጅነት ቅጠል ነው። ገና የተከፈለ ወይም ከላብራቶሪ በቲሹ ካልቸር ተባዝቶ የመጣ ትንሽ ችግኝ ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ ጠርዙም ስስ ነው፣ አንዳንዴ ነጩ ክር የምታክል ብቻ ሆና ትታያለች። ሆስታ ሙሉ መልኩን እስኪያሳይ አምስት ዓመት አካባቢ ሊፈጅበት ስለሚችል እዚ ላይ መቸኮል ዋጋ የለውም፣ ዝም ብሎ ማሳደግ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ ዘር። አበባውን ሳትቆርጡለት ዘር አፍርቶ ከረገፈ እዛው እናቱ እግር ስር በቅሎ ያድጋል፣ የጠርዝ ዝንጉርጉርነት ደሞ በዘር አይተላለፍም፣ ስለዚ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለም ነው የሚሆነው። ከላይ ስታዩት ከተክሉ መሃል አረንጓዴ ቅጠል ወጣ ትላላችሁ፣ አፈሩን ገለጥ ስታደርጉ ግን የራሱ ሥር ያለው ከእናቱ ጋር ያልተያያዘ ሌላ ተክል ሆኖ ታገኙታላችሁ። እሱን በእጅ መንቀል ነው፣ በቃ። ይሄ ታዲያ አንዱላታ ላይ አይገጥማችሁም፣ እሱ መካን ስለሆነ ዘር አያፈራም።

አራተኛው አስፈሪው ነው፣ ቫይረስ። ሆስታ ቫይረስ ኤክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተለየ በሽታ ነው፣ ምልክቱ በተለይ ቢጫ ሆስታዎች ላይ ቀለም ፈሶ በጅማቶቹ ላይ የተንሰራፋ ይመስላል፣ ልክ ቀለም የነካ ሶፍት ላይ እንደሚሰራጨው ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ደሞ ቅጠሉ ጨምደድ ይልና የተጨማደደው ቦታ ቀለሙም ውፍረቱም ከሌላው ይለያል። ድሮ ይሄ ሳይታወቅ በፊት እነ ሌፐርድ ፍሮግ፣ ብሬክ ዳንስ፣ ሉነሲ የሚባሉ ሆስታዎች አዲስ ዝርያ ተብለው ስም ወጥቶላቸው ተሽጠዋል፣ ኋላ ላይ ነው መልካቸው የመጣው ከቫይረሱ መሆኑ የታወቀው። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ የተመለሰ ቅጠል ንጹህ ነው፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ነው፣ የቅጠሉ ገጽታም ጤነኛ ነው። በቫይረስ የተያዘው ግን የተዝረከረከ ነው፣ ድንበር የለውም። ከተጠራጠራችሁ አትክፈሉት፣ አትቁረጡት፣ ምክንያቱም በሽታው የሚተላለፈው በተክሉ ጭማቂ ነው፣ አንድ ቢላ ከታመመው ወደ ጤነኛው ከሄደ አበቃ። መድኃኒትም የለውም፣ ከነ ሥሩ አውጥቶ ማስወገድ ብቻ ነው ያለው፣ ኮምፖስት ውስጥም አይገባም።

ለምንድነው የሚመለሰው

አጭር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ካልያዝን የትኛው ምርጫ እንደሚሰራ አይገባንም። ዝንጉርጉር ሆስታ በአንድ አካል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴል ይዞ የሚኖር ተክል ነው፣ ካይሜራ ይሉታል። ቡቃያው ጫፍ ላይ ሴሎቹ በሽፋን በሽፋን ተደርድረዋል፣ የውጪኛው የቅጠሉን ጠርዝ ይሰራል፣ የውስጠኛው መሃሉን። አንዱ ሽፋን አረንጓዴ ሌላው ነጭ ወይም ቢጫ ስለሆነ ነው ያ የምንወደው መልክ የሚመጣው። ሽፋኖቹ ቦታቸውን ጠብቀው እስከቆዩ ድረስ ችግር የለም። ግን አዲስ ዐይን (ቡቃያ የሚወጣበት እምቡጥ) ሲፈጠር አንዳንዴ የአንዱ ሽፋን ሴል ወደ ሌላው ቦታ ይገባና ያንን ያስወጣዋል፣ ያኔ ዐይኑ በሁለቱም ሽፋን አንድ ዓይነት ሴል ብቻ ይዞ ይቀራል። ከዛ ዐይን የሚወጣው ሁሉ አንድ ቀለም ነው፣ የጠፋውም ሽፋን ተመልሶ አይመጣም። ማዳበሪያ ጨመራችሁ ቀነሳችሁ፣ ወደ ፀሐይ አዞራችሁት ወደ ጥላ፣ ለዛ ዐይን ምንም አይፈይድለትም። ፀሐይ ላይ ማውጣት እንደውም ይባስ ነው፣ የነጩ ክፍል ይቃጠላል።

ሌላው ነጥብ ጉልበት ነው። አረንጓዴ ሴል ክሎሮፊል አለው፣ ምግብ ይሰራል፣ ነጩ አይሰራም። ስለዚ ሙሉ አረንጓዴ የሆነው ቡቃያ ከዝንጉርጉሩ ይልቅ ቶሎ ያድጋል፣ ብዙ ዐይን ያወጣል፣ ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ አንድ ነበር፣ ከዛ ሦስት፣ ከዛ ዝንጉርጉሩን ዳር ላይ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። ፍጥነቱ የሚወሰነው በሁለቱ የጉልበት ልዩነት ነው፣ ምርጫችሁንም የሚወስነው ይሄ ነው።

እንግዲህ ምርጫዎቹ

መተው። ይሄ ምንም ልፋት የለውም፣ እና ሁልጊዜም ስህተት አይደለም። ቢጫ ጠርዝ ያለው ትልቅ ሆስታ ላይ አንድ አረንጓዴ ቡቃያ ቢወጣ የሁለቱ ጉልበት በጣም ስለማይራራቅ ለዓመታት ምንም ላይቀየር ይችላል። ቦታው ላይ የሚያስቸግራችሁ ነገር ከሌለ፣ ቅይጡም ከወደዳችሁት፣ ማን ከለከላችሁ። ነጭ መሃል ያለው ከሆነ ግን መተው ማለት ተክሉን ለአረንጓዴው መልቀቅ ማለት ነው። አንዱላታ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው፦ መሃሉ ሰፊ ነጭ ሆኖ ይጀምራል፣ ሳይነካ ሲቆይ ነጩ እየጠበበ አንዱላታ ዩኒቪታታ የሚባለው ጠባብ ነጭ ያለው ይሆናል፣ ከዛ ጭራሽ አረንጓዴ ሆኖ አንዱላታ ኤሮሜና ይባላል። ሦስት ስም ያለው ሦስት ዕቃ የሚመስለው ነገር የአንዱ ተክል የተለያየ ደረጃ ነው ማለት ይቻላል። ደሞ አንዱላታ በጋ ላይ የሚያወጣው ሁለተኛ ዙር ቅጠል ከጸደዩ ይልቅ አረንጓዴነቱ ስለሚበዛ፣ በጋ ላይ አይታችሁ አትፍረዱበት፣ የሚቀጥለውን ጸደይ ጠብቁ።

ቅጠሉን መቀንጠስ። በጣም የሚመከረው ይሄ ነው፣ በኔ እይታ ደሞ ከሁሉም ደካማው ይሄ ነው። ቅጠሉ ሄደ እንጂ ዐይኑ አፈር ውስጥ አለ፣ በሥሩ የተጠራቀመ ምግብ አለው፣ እንደገና ያወጣል። ደጋግሞ መቀንጠስ አረንጓዴውን ትንሽ ያዳክመዋል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ዝንጉርጉሩም ከሱ ጋር በአንድ አናት (ቡቃያዎቹና ሥሮቹ የሚገናኙበት ክፍል) ላይ ተያይዞ ነው ያለው፣ አረንጓዴው ከሚሰራው ምግብ እሱም ይጠቀማል። ይሄን የምመክረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ የምትቆርጡበት ወቅት ካለፈ እና እስከ ትክክለኛው ወቅት ድረስ መልኩን ብቻ መጠበቅ ከፈለጋችሁ። ያኔም ቢሆን ሁሉንም ቅጠል ሳይሆን አንዷን ተዉ፣ አለበለዚያ ጊዜው ሲደርስ የቱ ዐይን እንደነበር ይጠፋችኋል፣ ወይም እግሩ ስር የሆነ ቀለም ያለው ክር እሰሩበት።

ባለበት ቆርጦ ማውጣት። ለአብዛኛው ሰው ለአብዛኛው ሆስታ ትክክለኛው ይሄ ነው። ተክሉን አትነቅሉም፣ የተመለሰውን ቡቃያ ከነ አናቱ ከነ ሥሩ ብቻ ነው የምታወጡት። ጊዜው ጸደይ ላይ ቅጠሎቹ መፈታት ሲጀምሩ ነው፣ ቀለማቸው የሚለይበት ግን ገና ያልተጠላለፉበት ሰዓት። ቶሎ ከሄዳችሁ ሁሉም የተጠቀለለ ቀንድ ስለሚመስል የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ አይታወቅም፣ ከዘገያችሁ ደሞ ቅጠሉ በቅጠል ላይ ተደራርቦ እጃችሁ አይገባም።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ አፈሩን በእጃችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉና የቅጠሉን እግር ተከትላችሁ እስከ ታች ከአናቱ ጋር እስከሚገናኝበት ውረዱ። ይሄን መዝለል የለባችሁም፣ ምክንያቱም ከላይ ጎን ለጎን የሚመስሉ ቡቃያዎች ከታች ሌላ ዐይን ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዛ ረዘም ያለ ስለታም ቢላ በአረንጓዴውና በዝንጉርጉሩ መሃል ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ስደዱት፣ ዞር ዞር አድርጋችሁ ቁራጩን ከነ ሥሩ ፈልቅቁት። የወጣውን አገላብጣችሁ እዩ፣ የተቆረጠው ቦታ ላይ የቀረ ጉጥ ነገር አናቱ ላይ ካለ እሱንም አንሱት፣ ትንሽ ቁራጭ እንኳ ዐይን ካላት ትበቅላለች። ጉድጓዱን አፈር ሞልታችሁ አጠጡት። ከዝንጉርጉሩ ወገን አንድ ዐይን አብሮ ቢሄድባችሁ አትዘኑ፣ ከሚቀር አረንጓዴ የሚሄድ ዝንጉርጉር ይሻላል፣ ቅር ካላችሁ ደሞ ያቺን ለብቻዋ ፖት ላይ ትከሏት።

ቢላውን በተመለከተ፣ ከአንድ ተክል ወደ ሌላ ተክል ስትሄዱ በሳሙናና በብሩሽ አጥባችሁ በረኪና አንድ እጅ ውሃ ዘጠኝ እጅ በሆነ ድብልቅ ውስጥ ዘፍዝፉት። ተመለሰ ብላችሁ የምትቆርጡት ሆስታ ውስጥ ምልክቱን ያላሳየ ቫይረስ ሊኖር ይችላል፣ ምልክቱ እስኪወጣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላልና።

ነቅሎ ሙሉ በሙሉ መክፈል። አረንጓዴው በዝቶ ከተክሉ እኩሌታ ከደረሰ ወይ ዝንጉርጉሩና አረንጓዴው ተሰባጥረው ከሆነ ባለበት መቁረጥ መክተፍ ይሆናል፣ ያኔ መንቀል ነው። ሙሉውን በመንሽ ዙሪያውን ፈንቅላችሁ አውጡት፣ አፈሩን በውሃ ጎማ አጥባችሁ አራግፉት፣ ሥሩ ጥርት ብሎ ሲታይ እያንዳንዱ ቡቃያ የት እንደተያያዘ ቁልጭ ይላል። ምርጥ ዝንጉርጉር የሆኑትን ብቻ ለዩ፣ ሁለት ሦስት ዐይን ያለው ቁራጭ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በአንድ አንድ ዐይን ከከፈላችሁት ይኖራል ግን ቶሎ አይደርስም። ጊዜው ጸደይ መጀመሪያ ወይም የበጋው መጨረሻ፣ መሬቱ ከመቀዝቀዙ ቢያንስ አራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ። በበጋው መጨረሻ መክፈል አንድ ጥቅም አለው፣ ቅጠሉ ሙሉ ስለሆነ የቱ ምን ቀለም እንደሆነ ጥርጣሬ የለውም።

ጉዳቱስ? ተክሉ ያንሳል። ከመከፈል በኋላ ቅጠሉ ትንሽ ይሆናል፣ ጠርዙ ይሳሳል፣ ይሄን አይታችሁ እንደገና ተመለሰ እንዳትሉ፣ ከላይ ያልኩት የልጅነት ቅጠል ነው። እና ሁሉም ሆስታ መከፈል አይወድም። አንዱላታ፣ ፍራንሲ፣ ፓትሪየት ቶሎ ያገግማሉ። ሲቦልዲያና የሚባሉት ትልልቆቹ ግን፣ ፍራንሰስ ዊሊያምስም ሆነ ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ፣ ከተነቀሉ ለረጅም ጊዜ ያኮርፋሉ፣ ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ ደሞ ሳይነካም ቀርፋፋ ነው። እነሱ ላይ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ቡቃያ ካያችሁ አንድ እያለ ባለበት አውጡት፣ ወደ መንቀል እንዳይደርስ።

ልውጡን፣ ማለትም ከእናቱ የተለየ መልክ ይዞ የወጣውን ቡቃያ፣ ለብቻው ማሳደግ። ይሄ በራሱ አማራጭ አይደለም ለማለት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ቆርጣችሁ ያወጣችሁት ቁራጭ ጤነኛ ተክል ነው፣ የት ትጥሉታላችሁ። ፓትሪየት ራሱ ከፍራንሲ የወጣ ልውጥ ነው፣ የፍራንሲ ነጭ ጠርዝ ሰፍቶ ነው የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የዓመቱ ሆስታ ተብሎ ተመርጧል። ከፓትሪየት ደሞ መሃሉ ነጭ ጠርዙ አረንጓዴ የሆኑት ፋየር ኤንድ አይስ እና ሎያሊስት መጡ። ጁን ከሃልሲየን ነው የወጣችው፣ እሷም እ.ኤ.አ. በ2001 ተመርጣለች። ፍራንሰስ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ ብሪስቶል በሚባል ቦታ ችግኝ ጣቢያ ላይ ከተራ ሲቦልዲያናዎች መሃል ነው የተገኘችው፣ ያየቻት ሴትዮ ስም ነው የወጣላት። ማለትም ተክሉን የሚያስመልሰውና አዲሱን የሚሰጠን ያው አንድ ዓይነት የሽፋን መዘበራረቅ ነው።

ግን ልባችሁን አታሞቁት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ልውጥ ወደ አያቱ የተመለሰ ነው እንጂ አዲስ አይደለም። ከጁን ሙሉ ሰማያዊ ከወጣ ሃልሲየን የመሰለ ነው የሚሆነው፣ ከሪጋል ስፕለንደር ሙሉ ሰማያዊ ግራጫ ከወጣ ክሮሳ ሪጋል ነው፣ ሁለቱም ገበያ ላይ ያሉ ናቸው። ቆንጆ ናቸው ወይ? ሃልሲየንማ ከብዙ ዝንጉርጉር የሚያምር ሆስታ ነው፣ ለብቻው መተከል ይገባዋል። ሙሉ ቢጫ ከወጣም ማሳደግ ይቻላል፣ ቢጫው በውስጡ ክሎሮፊል ስላለው ራሱን ችሎ ይኖራል። ሙሉ ነጭ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ከእናቱ እስካልተለየ ድረስ በእሷ ምግብ ይኖራል፣ ነጥላችሁ ፖት ላይ ካደረጋችሁት ይሞታል። ስለዚ ሙሉ ነጩን ለማሳደግ መሞከር ድካም ነው፣ እናቱ ላይ ያለው ደሞ አረንጓዴው እንደሚያደርገው አያሸንፋትም፣ አንድ ሁለት ከሆነ ልትተዉት ትችላላችሁ፣ ከበዛ ግን ተክሉ የሚበላው ይበዛና የሚሰራው ያንሳል፣ ያኔ ማውጣት ነው።

የግማሽ ግማሽ ቅጠል ነገር

አንዳንዴ ቅጠሉ ልክ በመሃል ጅማቱ ላይ ተከፍሎ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል፣ ፎቶ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ያ ቡቃያ ገና አልለየለትም ማለት ነው። በአረንጓዴው ወገን የሚፈጠረው ዐይን አረንጓዴ ይሆናል፣ በዝንጉርጉሩ ወገን የሚፈጠረው ዝንጉርጉር። ይሄኔ ቢላ ማንሳት ያለ ጊዜው ነው፣ ክር አስራችሁበት የሚቀጥለውን ጸደይ ጠብቁ፣ ከዛ ለይቶለት ሲወጣ የተመለሰውን ብቻ ታወጣላችሁ። ነጭ መሃል ያለው ሆስታ ላይ ግን ክረምቱን ካለፈ በኋላ ሌላ ዓመት አትጠብቁ።

የትኛውን ለየትኛው

ጠርዙ ነጭ ወይ ቢጫ፣ መሃሉ አረንጓዴ ከሆነ፦ ይሄ ከሁሉም የተረጋጋው ነው፣ ፍራንሲ፣ ፓትሪየት፣ ፎርቹኒ ኦሪዮማርጂናታ፣ ሳጌ እዚ ውስጥ ናቸው። አረንጓዴ ቡቃያ ካወጣ ባለበት አውጡት፣ በዚ ዓመት ካልተመቻችሁ የሚቀጥለው ጸደይም አይመሽም።

መሃሉ ነጭ ጠርዙ አረንጓዴ ከሆነ፣ እነ አንዱላታ፣ ናይት ቢፎር ክሪስማስ፣ ፋየር ኤንድ አይስ፣ ነገሩ ሩጫ ነው፣ በታየበት ጸደይ ማውጣት ነው። አረንጓዴው ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ እየሰፋ የመሄድ ጠባይም ስላላቸው፣ ሙሉ አረንጓዴ ባይወጣም በየተወሰነ ዓመቱ ነቅሎ ነጫቸው ሰፊ የሆኑትን ቡቃያዎች ብቻ መርጦ መትከል ያስፈልጋቸዋል፣ አንዱላታ ላይ በተለይ። ልፋት የማይወድ ሰው እነዚህን ባይገዛ ይሻለዋል፣ እውነቱን ለመናገር።

መሃሉ ቢጫ ጠርዙ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ የሆኑት፣ እነ ጁን፣ ጎልድ ስታንዳርድ፣ መሃል ላይ ናቸው። ቢጫው ምግብ ስለሚሰራ ሩጫው ያን ያህል አይደለም። ጎልድ ስታንዳርድ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቫይረሱ በብዛት ከታየባቸው ዓይነቶች አንዱ እሱ ነው፣ ሰም ኤንድ ሰብስታንስ እና ስትሪፕቲዝም እንደዛው፣ ስለዚ እነሱ ላይ ቀለም ሲቀየር መጀመሪያ ጅማቱን እዩ፣ ከዛ ነው ስለ መመለስ የሚታሰበው።

ቅጠሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ያለ ሥርዓት የተረጨባቸው ወይ የተሰነጣጠረባቸው ደሞ አሉ። እነሱ ሽፋናቸው መቼም ቦታውን አልያዘም፣ ዛሬ የገዛችሁት መልክ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወይ ባለ ጠርዝ ወይ ባለ አንድ ቀለም ሆኖ ይረጋጋል። አዳቃዮች የሚፈልጓቸው የሴቴዋ ቀለም በዘር ወደ ልጆቿ ስለሚያልፍ ነው፣ ለግቢ ውበት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን በየዓመቱ እየከፈለ የተረጨውን መምረጥ ካልሰለቸው በቀር አይሆኑትም።

ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ አንድም ዝንጉርጉር ዐይን ካልቀረ የሚከፈልም የሚመረጥም ነገር የለም። እንደ አረንጓዴ ሆስታ ወዳችሁት ትይዙታላችሁ፣ ወይ ሌላ ትገዛላችሁ። አናቱን በቢላ እየወጉ አዲስ ዐይን እንዲያወጣ የማድረግ ዘዴ አለ፣ ለማባዛት ጥሩ ነው፣ ግን የጠፋውን ሽፋን አይፈጥርም፣ እንደውም ዝንጉርጉር ላይ ሲሰራ አዲሶቹ ዐይኖች ሌላ መልክ ይዘው የመውጣት ዕድል አላቸው።

ሌላ ስትገዙ ደሞ ፖቱን አንስታችሁ ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጠርዝ አላቸው? አንዱ ብቻ ቀጭን ጠርዝ ካለው ወይ አንድ ቅጠሉ ግማሽ ከሆነ ሌላውን ፖት ውሰዱ። በቲሹ ካልቸር የተባዛ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ደህና ነው፣ ግን ከላብራቶሪ ከእናታቸው የተለዩ ሆነው የሚወጡ ስላሉ በጣም ትንሽ ችግኝ ከመግዛት መልኩን ማሳየት የጀመረ መውሰድ ይሻላል፣ ከሰው ግቢ የተከፈለ ቁራጭ ካገኛችሁ ደሞ እናቱን በዐይናችሁ አይታችሁ ስለምትወስዱ የተሻለ ነው፣ ጤነኛ መሆኗን እስካረጋገጣችሁ ድረስ። የቆረጣችሁትን ቅጠልና ሥር ውሻ ወይ ድመት ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትጣሉት፣ ሆስታ ለሁለቱም መርዛማ ነው፣ ያስመልሳቸዋል።

የተመለሰውን ካወጣችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ሁለት ጸደዮች እዛው ቦታ ላይ ዐይናችሁን ጣሉ፣ ተኝቶ የነበረ ዐይን ካለ የሚነቃው ያኔ ነው። አንድ ቅጠል ሳለ ማውጣት በጣት የሚሰራ ሥራ ነው። አበባውም ሲጠወልግ ዘር ሳይረግፍ ዘንጉን ቁረጡት፣ ያ ሁሉ ሥራ ካለቀ በኋላ የዘር ልጅ በቅሎ እንደገና ተመለሰ ብላችሁ ቢላ እንዳታነሱ።